የቤት ትምህርት ፈቃድ የማን ዋስትና ነው?



ዛሬ የምናገረው ብዙ ስለሚያከራክር ጉዳይ ነው። ወላጅ ልጁን ከመደበኛ ትምህርት ቤት አስቀርቶ በራሱ ቤት ላስተምር ሲል፣ የመንግሥት የትምህርት መሥሪያ ቤት «አስቀድመህ ዕቅድህን አሳየኝ፤ ካጸደቅሁልህ በኋላም ልጁ መማሩን አረጋግጥልኝ» የማለት ሥልጣን አለው? ካለውስ እስከ ምን ድረስ ነው? በዚህ ነገር ሰው ለሁለት ሲከፈል አያለሁ። አንዱ ወገን «ልጁ የእኔ ነው፤ ምን እንደማበላው ያልጠየቀኝ መንግሥት ምን እንደማስተምረው ሊጠይቀኝ አይገባም» ይላል። ሌላው ወገን «ትምህርት ቤት የማይሄድ ልጅ ከሰው ዓይን የተሰወረ ልጅ ነው» ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም ስለ ልጁ ይናገራሉ፤ የሚከራከሩት ግን ስለ ወላጅና ስለ መንግሥት መብት ነው።

እኔ የማምነውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ይህ ፈቃድ በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ ስለ ራሱ መከራከር ለማይችለው ለልጁ የሚሰጥ ዋስትና ነው። ዋስትና የሚፈተነው ደግሞ ከተፈረመ በኋላ ነው። ስለዚህ ከማጽደቁ ሥነ ሥርዓት ይልቅ ቀጥሎ የሚመጣው ክትትል ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

ነገሩን በጥቅሉ ከማወራ አንድ ቦታ ይዤ ላስረዳ፤ የመረጥሁት የአሜሪካዋን ማሳቹሴትስ ነው። እንደ ቴክሳስና አይዳሆ ባሉ ግዛቶች ወላጅ ልጁን በቤት ለማስተማር ለማንም ማስታወቅ እንኳ አይጠበቅበትም። በሌሎች በርካታ ግዛቶች ማስታወቅ ይበቃል። በማሳቹሴትስ ግን ሕጉ አስቀድሞ መጽደቅ አለበት ይላል፤ የሚያጸድቀውም ልጁ የሚኖርበት ከተማ የትምህርት ኮሚቴ ወይም ሱፐርኢንተንደንት የሚባለው የዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአካባቢው የትምህርት አስተዳደር፣ ዋና ኃላፊ ነው። የሁለቱ መብቶች ግጭት ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚያ ጎልቶ ይታያል። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማሳቹሴትስ ታሪክ ራሱ አስተማሪ ነው። ግዛቲቱ ገና የእንግሊዝ ቅኝ በነበረችበት በ1642 የወጣው ሕግ ትምህርት ቤት ይከፈት አላለም፤ የቤቱ አባወራ በቤቱ ያሉትን ልጆች ማንበብ ማስተማሩን የከተማው ሹማምንት እንዲከታተሉ ነው ያዘዘው። ትምህርቱ በቤት ነበር፤ ተመልካቹ ግን ከውጭ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1647 ሌላ ሕግ መጣ፤ 50 አባወራ ያለው ከተማ መምህር እንዲቀጥር፣ 100 የሞላው ደግሞ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም አዘዘ። በ1852 ማሳቹሴትስ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ልጆች ትምህርት ቤት የመገኘት ግዴታ እንዲኖርባቸው ደነገገች። ያኔ የተጠየቀው በዓመት 12 ሳምንት ብቻ ነበር፤ ልጁ በሌላ መንገድ እየተማረ ከሆነም ግዴታው ይነሣለት ነበር። በ1893 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ ክርክር ሲዳኝ የዚህን ሕግ መንፈስ ግልጽ አደረገው፤ የሕጉ ዓላማ ልጆች ሁሉ እንዲማሩ ነው እንጂ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲማሩ አይደለም አለ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

የአገሪቱ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በበኩሉ ሁለት ዐበይት ውሳኔዎች ሰጥቷል። በ1925 ኦሪገን ልጆች ሁሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲገቡ ያወጣችውን ሕግ ሻረ። በ1972 ደግሞ አሚሽ የሚባሉት የሃይማኖት ማኅበረሰብ ወላጆች ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት እንዲያስቀሩ ፈቀደ። ልጅን በቤት የማስተማር እንቅስቃሴ ግን በፍርድ ቤት ብቻ አልተወለደም። ጆን ሆልት የተባለው የትምህርት ጸሐፊ በ1977 ስለ ቤት ትምህርት መጽሔት ማሳተም የጀመረው በቦስተን ከተማ ነው። በ1993 የቤት ትምህርት በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ በመጣበት በ2020 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባደረገው ጥናት፣ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች በቤት የሚያስተምሩት በፀደይ ከመቶ 5.4 ነበሩ፤ በመከር ከመቶ 11.1 ሆነዋል። ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች መሆኑ ያኔ አበቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የማሳቹሴትስ ሕግ «አስቀድሞ ይጽደቅ» ካለ በኋላ ማጽደቂያው በምን እንደሚመዘን አልዘረዘረም። አንዱ ከተማ እንዲህ፣ ሌላው ከተማ እንዲያ እያለ ወላጅና ኃላፊ ሲጋጩ ኖሩ። በ1987 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ላይ ሚዛኑን አስቀመጠ። ወላጆች ልጆቻቸውን የማስተማር መሠረታዊ መብት አላቸው፤ ነገር ግን መብቱ ገደብ የሌለው አይደለም፤ መንግሥትም የዜጎችን መማር የማረጋገጥ ተገቢ ጥቅም አለው አለ። ቀጥሎም ዲስትሪክቱ ሊጠይቅ የሚችላቸውን ነገሮች ለየ።

አንደኛው ሥርዓተ ትምህርቱና ሰዓቱ ነው። የግዛቲቱ ሕግ የሚዘረዝራቸው ትምህርቶች አሉ፤ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ የአሜሪካ ታሪክና ሕገ መንግሥት፣ የዜግነት ግዴታ፣ ጤና፣ የሰውነት ማጎልመሻ፣ መልካም ጠባይም ሳይቀር ተጽፏል። ሰዓቱን በተመለከተ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዓመት 180 ቀን ያስተምራሉ፤ በአንደኛ ደረጃ 900፣ በሁለተኛ ደረጃ 990 ሰዓት ይጠበቅባቸዋል። ሲካፈል በቀን አምስት ሰዓት፣ ከፍ ሲልም አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በቤት የሚያስተምር ወላጅ ይህን በደወል መከፋፈል አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን ዓመቱ ምን ያህል እንደሆነና እያንዳንዱ ትምህርት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያገኝ መናገር አለበት።

ሁለተኛው የሚያስተምረው ሰው ችሎታ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል የአገራችን ሰው። ፍርድ ቤቱ በዚህ ላይ አስተዋይ መካከለኛ መንገድ መረጠ። ወላጁ የመምህርነት ፈቃድ ወረቀት እንዲኖረው ሊገደድ አይችልም፤ የኮሌጅ ዲግሪም አይጠየቅበትም። ኃላፊው ግን ምን ተምረሃል፣ ምን ልምድ አለህ ብሎ መጠየቅ ይችላል። የስድስት ዓመት ልጅ ፊደል ለማስቆጠር የምትበቃ እናት ልጁ አልጀብራ ላይ ሲደርስ ሌላ ረዳት ልትሻ ትችላለች፤ ጥያቄው ይህንንም እንድታስብበት ያደርጋታል።

ሦስተኛው መጻሕፍቱ ናቸው። ኃላፊው የመማሪያ መጻሕፍቱን ዝርዝር ማየት ይችላል፤ የሚያየውም የትምህርቱን ዓይነትና የክፍሉን ደረጃ ለመገመት ነው። «በዚህ መጽሐፍ አስተምር፤ በዚያ አታስተምር» ለማለት ግን አይችልም። አራተኛው ምዘና ነው። ዲስትሪክቱ በየጊዜው ደረጃውን የጠበቀ ፈተና ሊጠይቅ ይችላል፤ ከወላጆች ጋር ተስማምቶም በፈተናው ምትክ በየጊዜው የሚጻፍ የእድገት ሪፖርት ወይም ቀን የተጻፈባቸው የልጁን ሥራዎች ሊቀበል ይችላል።

የሥነ ሥርዓቱ አካሄድም ያስደስተኛል። ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት ከማስወጣቱ በፊት ማመልከት አለበት። ኃላፊዎቹ ዕቅዱን እንዲያስረዳና ምስክር እንዲያቀርብ ዕድል ሊሰጡት ይገባል። ትምህርቱ በስፋቱ፣ በብቃቱና በሚያስገኘው እድገት በዚያው ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው የማያንስ መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የወላጅ ነው። ዕቅዱ ከተከለከለ ምክንያቱ በዝርዝር መነገር አለበት፤ ወላጁም ጉድለቱን አርሞ እንደገና የማቅረብ መብት አለው። ሳይፈቀድለት ከጀመረ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ እዚያ ግን ሸክሙ ይዞራል፤ የወላጁ ትምህርት መጉደሉን ማስረዳት ያለበት የትምህርት ኮሚቴው ነው። ልብ በሉ፤ ከሹም ፊት የቀረበ ተራ ሰው «ለምን?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ሹሙም የመመለስ ግዴታ አለበት። ለእኔ የዚህ ሥርዓት ክብር እዚህ ላይ ነው።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1998 ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የሊን ከተማ የትምህርት ኮሚቴ «ቤታችሁ መጥተን ስታስተምሩ ካላየን አናጸድቅም» አለ። ወላጆቹ «የምትፈልጉትን ማስረጃ ሁሉ እንሰጣለን፤ ቤታችን ግን ቤታችን ነው» አሉ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለወላጆቹ ፈረደ። ያለ ወላጅ ስምምነት የቤት ጉብኝትን የማጽደቂያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አይቻልም፤ የልጁን መማር በሌላ መንገድ ማወቅ ይቻላልና።

ይህን ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ። አንድ ባለሥልጣን በዓመት አንድ ጊዜ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ የሚያየው የቤቱን ንጽሕናና የእናቲቱን መጨነቅ ነው። ልጁ ባለፈው ጥር የማይችለውን ክፍልፋይ ዘንድሮ ሰኔ መቻሉን አያይም። የባህሉና የአነጋገሩ ነገር ለኃላፊው እንግዳ የሆነበት ቤተሰብ ደግሞ ከማንም ይልቅ በአኗኗሩ የመመዘን አደጋ አለበት። የመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ «ልጁ እየተማረ ነው ወይ?» የሚል ብቻ ይሁን። «እንዴት ትኖራላችሁ?» ወደሚል ሲሻገር ከሥልጣኑ ወጥቷል።

እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱን አመሰገንሁ። አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ማሳቹሴትስ በመግቢያው በር ላይ ብርቱ ናት፤ የተጻፈው ዕቅድ ይመረመራል። ዕቅድ ግን ተስፋ ነው። በመስከረም ያማረ ወረቀት ያቀረበ ቤተሰብ በኅዳር ሕመም፣ የሥራ ለውጥ ወይም ሐዘን ሊገጥመው ይችላል። ዲስትሪክቶች በየከተማው የተለያየ ልማድ ስላላቸው፣ አንዱ ጋ የዓመቱ ሪፖርት በአስተዋይ መምህር ይነበባል፤ ሌላው ጋ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ማንም የማያነበው ሪፖርት ለልጁ ምንም አይጠቅመውም።

በእኛ አገር የነበረውን የቀድሞውን የቤተ ክህነት ትምህርት አስቡት። ልጁ ፊደል የሚቆጥረው፣ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበው፣ ዳዊት የሚደግመው ድምፁን ከፍ አድርጎ በየኔታና በጓደኞቹ ፊት ነው። ዳዊት ደገመ ሲባል ቤተሰቡ ይደግሳል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የልጁ መማር የተሰወረ ነገር አልነበረም፤ የሚያደምጥ ጆሮ ነበረው። የቤት ትምህርት ክትትልም ቢሆን የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ከእናትና ከአባት ሌላ የልጁን መማር የሚያውቅ አንድ ታማኝ ሰው።

ሌሎች አካባቢዎች ይህን በተለያየ መንገድ ሞክረውታል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን ሦስት መልክ ያሳየናል። በሜሪላንድ ወላጅ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ያስታውቃል። የልጁን ሥራዎች አደራጅቶ ይይዛል፤ ዲስትሪክቱም በዓመት ከሦስት ጊዜ ያልበለጠ ይመለከታል። ጉድለት ከተገኘ ወላጁ ለማረም 30 ቀን አለው። አካባቢው ከግዛቲቱ ደንብ በላይ የራሱን ተጨማሪ ግዴታ መጫን አይችልም። በቨርጂኒያ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ሳምንታት፣ ማለትም እስከ ኦገስት 15፣ ያስታውቃል። የዓመቱን እድገት የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ እስከ ኦገስት 1 ያቀርባል፤ ማስረጃው የፈተና ውጤት ወይም ብቃት ያለው ሰው የጻፈው ምዘና ሊሆን ይችላል። እድገቱ ካልታየ የአንድ ዓመት የመታረሚያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

ዋሽንግተን ዲሲ ግን ትምህርቷን ያገኘችው በመራራ መንገድ ነው። በ2008 መጀመሪያ አራት ልጆች በአንድ ቤት ውስጥ ሞተው ተገኙ። ታላቂቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትቀር እናትየዋ በቤት እያስተማርሁ ነው ብላ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሥጋቷን ብትናገርም ልጆቹን በጊዜ ያገኛቸው አልነበረም። በዚያው ዓመት ከተማዋ ደንብ አወጣች፤ ወላጅ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ወይም ተመጣጣኙን እንዲይዝ፣ የልጁንም ሥራ አደራጅቶ ሲጠየቅ እንዲያሳይ ታዘዘ። ይህን የምናገረው በቤት የሚያስተምሩ ወላጆችን ለመጠርጠር አይደለም። እጅግ የሚበዙት ልጃቸውን ከራሳቸው አስበልጠው የሚወዱ፣ እንቅልፋቸውን ሰውተው የሚያስተምሩ ናቸው። ያ ቤት የትምህርት ቤት አልነበረም፤ የቤት ትምህርት የሚለው ስም ግን መሸፈኛ ሆነ። ስሙ መሸፈኛ እንዳይሆን ከማንም በላይ ሊከራከሩ የሚገባቸውም እውነተኞቹ ወላጆች ናቸው።

እንግዲህ መልካም ክትትል ምን ይመስላል ብትሉኝ የምመልሰው ይህን ነው። በመጀመሪያ፣ መለኪያው ዓመቱ ሳይጀመር ወላጅና ዲስትሪክት የተስማሙበት ይሁን፤ በመካከል የሚለወጥ መለኪያ ሰውን ወጥመድ ውስጥ ይከታል። ሁለተኛ፣ የሚመዝነው ሰው ማስተማርን የሚያውቅ ይሁን፤ የልጁን ድርሰት አንብቦ አስተያየት የሚሰጥ መምህር ከአሥር ቅጽ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ጉድለት ሲገኝ እርማት ከቅጣት ይቅደም፤ የሜሪላንድ 30 ቀንና የቨርጂኒያ ዓመት መልካም ምሳሌዎች ናቸው። አራተኛ፣ ስለ ልጁ ደኅንነት ሥጋት ተነሥቶ ሳለ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ጉዳይ በተለየ ጥንቃቄና በፍጥነት ይታይ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

«የመንግሥት ትምህርት ቤቶችስ ስንቱን ልጅ ማንበብ ሳያስችሉ ያሳልፉት የለም? ለምን እኛ ብቻ እንመዘናለን?» የሚል ወላጅ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ትምህርት ቤቱም ይመዘን የሚል ነው እንጂ ማንም አይመዘን የሚል አይደለም። በትምህርት ቤት የወደቀን ልጅ ቢያንስ ብዙ ሰው ያየዋል፤ ጓደኛ፣ መምህር፣ ነርስ፣ የአውቶቡስ ሾፌር። በቤት የወደቀን ልጅ የሚያየው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ያ ጥቂቱ በደንብ ማየት አለበት።

በውጭ ለምንኖር ወገኖቼ ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቻችሁ በእምነት ምክንያት፣ አንዳንዶቻችሁ ልጃችሁ በትምህርት ቤት ስለሚንገላታ፣ ሌሎቻችሁም አማርኛው እንዳይጠፋበት ብላችሁ ይህን መንገድ ታስቡታላችሁ። ማሳቹሴትስ ያላችሁ፣ የጽሑፍ ማጽደቂያ ሳትይዙ ልጁን አታስቀሩ፤ ያለ ፈቃድ የቀረ ልጅ በመዝገብ ላይ ከትምህርት ገበታው የጠፋ ልጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ የማስረዳት ሳይሆን የመከላከል ይሆናል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አትፈሩ፤ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ዲስትሪክት በሚገባችሁ ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። አማርኛን በዕቅዳችሁ እንደ አንድ ትምህርት ከመጻፍ የሚከለክላችሁ የለም፤ የእንግሊዝኛውን ቦታ ግን አይወስድም። አባትና እናት በፈረቃ የሚሠሩበት ቤት ደግሞ ያን በቀን አምስት ሰዓት ማን እንደሚሞላው በእውነት ይቁጠር። ልጁ ሲጨርስ ዲስትሪክቱ የራሱን ዲፕሎማ እንዲሰጠው እንደማይገደድም አስቀድማችሁ እወቁ።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የአሜሪካን ወሬ ሰምታችሁ እንዳትሳሳቱ። ጀርመን የቤት ትምህርትን ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር አትፈቅድም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2006 ይህን አቋሟን ተቀብሎታል። ስዊድን ለየት ያለ ምክንያት ትጠይቃለች። በእንግሊዝ ግን ልጁ በመደበኛ ትምህርት ቤት የተመዘገበ ከሆነ ወላጅ በአብዛኛው ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አስታውቆ ሊያወጣው ይችላል። የየአገሩን ሕግ ከየአገሩ መሥሪያ ቤት ጠይቁ እንጂ ከዘመድ ስልክ አትቀበሉ።

በመጨረሻም ለሁለቱም ወገን አንድ ነገር እላለሁ። እናንተ በዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ፣ የሚቀርብላችሁን ዕቅድ በጥርጣሬ ሳይሆን በትጋት አንብቡት፤ የዓመቱን ሪፖርትም ከዕቅዱ እኩል አንብቡት፤ ጎደሎ ስታዩ በግልጽ ጻፉ፤ ያማረ ሥራ ስታዩም ለልጁ ንገሩት። እናንተ ወላጆች፣ ሪፖርቱን እንደ ግብር አትቁጠሩት። የልጃችሁን ሥራ ቀን እየጻፋችሁ አስቀምጡ፤ ማንም ባይጠይቃችሁ እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ ለምታምኑት መምህር አሳዩ። ሕግ የሚያስገድደው ዝቅተኛውን ነው፤ ልጁ የሚገባው ከዚያ በላይ ነው። ወላጅ የማስተማር መብቱ ሳይነካ፣ ልጅም የመማር መብቱ ሳይጓደል መኖር ይቻላል፤ ሁለቱንም የሚጠብቅ ሕግ መጠየቅና ማስከበር የሁላችንም ሥራ ነው።